መጫኛ ነካሽ፤ የይፋት ቆላ ጫኞችና ተሸካሚዎች በታሪክ ውስጥ ያላቸው ስፍራ

1. መነሻ

የይፋት ታሪክ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚታወሱት የወላስማ ሡልጣኖች፥ ከእነርሱም ጋር የተዋጉት ነገሥታት፥ ቀጥሎም ወደ አንኮበር የወጡት የውጭ አገር መልእክተኞች ናቸው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ተጽፎ የቈየልን የእነርሱ ነገር ነውና። ነገር ግን የይፋት ስም በታሪክ ውስጥ ስለ ምን እንደ ገነነ ስንመረምር ዋናውን ምክንያት በቀላሉ እናገኘዋለን። ይኸውም ከባሕር ወደ ደጋ፥ ከደጋም ወደ ባሕር የሚተላለፈው ዕቃ በዚህ አገር በኩል ያልፍ ስለ ነበረ ነው። ዕቃ ደግሞ በራሱ እግር አይሄድም። የሚጭነው፥ የሚነዳው፥ ከብቱ መሄድ በማይችልበትም አቀበት ላይ በትከሻው ተሸክሞ የሚያወጣው ሰው ያስፈልገዋል።

እንግዲህ በዚህ አነስተኛ ጥናት የምንመለከተው ይህንን ሰው ነው። ግመል ነጂውን፥ አህያ ነጂውን፥ ጫኙንና ተሸካሚውን ማለታችን ነው። ሥራቸው ለአገር ያስገኘው ጥቅም ብዙ ሲሆን የተከፈላቸው ምስጋና ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህንንም ለማለት ያህል ብቻ አንለውም። የጫኞችና የተሸካሚዎች ነገር በጽሑፍ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ስንከታተል አንድ የማይለወጥ ነገር አግኝተናል። ጫኝ ሥራውን በደኅና በሚሠራበት ጊዜ ጸሐፊ አያየውም፤ ወደ ጽሑፍ የሚገባው ሲዘገይ፥ እንቢ ሲል፥ ወይም ሲያጉረመርም ነው። ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ የሌሎችን ምሬትና ስድብ እንደ ማስረጃ አድርጎ ማንበብን መማር አለበት።

ዓመቶቹን ዓ.ም. ካላልን በቀር በአውሮጳ አቈጣጠር ሰጥተናል።

2. የአገሩ አቀማመጥና የሸክሙ ምክንያት

የሥራውን ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን መልክ ማወቅ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳም ስፍራ ላይ ነው። ከዚያ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲገባ ከፍታው ወደ 1,280 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቁልቁለቱ ግን ከጣርማ በር ወዲህ ያለው የመጨረሻው አጭር መንገድ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ተጓዡ ከገብስ አገር ወደ ማሽላ አገር፥ ከበርኖስ ወደ ሽርጥ ይሻገራል። ወደ ደቡብ፥ በአንኮበርና በአልዩ አምባ መካከል ያለውም ገደል እንዲሁ ነው፤ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል።

ይህ ገደል ለነጋዴ ትልቅ ችግር ነበር። ግመል በሜዳው በረኻ ላይ ወደር የሌለው ጫኝ ነው፤ ነገር ግን በዝናብ በራሰ ጭቃና በሾለ ድንጋይ ላይ እግሩ ይከዳዋል፥ የደጋውንም ብርድ አይችልም። የደጋው በቅሎና አህያ ደግሞ ውኃና ሣር በሌለበት በረኻ ብዙ ቀን መጓዝ አይሆንላቸውም። ሰውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ደገኛው የቆላውን ንዳድ፥ ቆለኛው የደጋውን ቍር ይፈራል። ስለዚህ ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ በመካከል ጀርባ መለወጥ ነበረበት። ከግመል ጀርባ ወርዶ በአህያ ጀርባ፥ ወይም በሰው ትከሻ ላይ መውጣት ነበረበት። ይፋት ማለት፥ በአጭሩ ለመናገር፥ ሸክም ጀርባ የሚለውጥበት አገር ማለት ነው። የገበያዎቹ መቈርቈር፥ የኬላዎቹ መቆም፥ የገዦቹም መበልጸግ ከዚህ የመጣ ነው።

3. በወላስማ ዘመን

የወላስማ ቤት መሥራች ዑመር ወላስማ በ1285 የሸዋን የእስላም ሡልጣን ግዛት ደምስሶ ይፋትን ታላቅ አደረገ። የይፋት ነጋዴዎች የባሕር በር ዘይላ ነበረ። በ1332 አፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ሡልጣን ከሰብረዲን ጋር ያደረጉት ጦርነት በታሪክ የታወቀ ነው። የጦርነቱም አንዱ ምክንያት ይኸው የንግድ መንገድ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ።

በዚያው መቶ ዓመት በ1349 የሞተው አል ዑመሪ የተባለ የዓረብ ጸሐፊ ስለ ኢትዮጵያ የእስላም መንግሥታት ሲጽፍ ይፋትን በሰፊው አንሥቷል። አል ዑመሪ ወደ አገራችን አልመጣም፤ ወሬውን የሰበሰበው በግብፅ ከሚገኙ የአገሩ ሰዎች ነው። እርሱ እንደሚለው የይፋት ንጉሥ 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 የሚበልጥ እግረኛ ነበረው። የአገሩን ፍሬና አዝመራ ይዘረዝራል፤ ጫትንም ሳይቀር ያነሣል። እንግዲህ እዚህ ላይ ቈም ብለን እንመልከት። ፈረሰኛው ተቈጥሯል፥ እግረኛው ተቈጥሯል፥ ፍሬውም በስም ተጠርቷል። ይህን ሁሉ ሀብት ከዘይላ ወደ ይፋት፥ ከይፋትም ወደ ዘይላ ያመላለሱት ግን አልተቈጠሩም። ጸሐፊው ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም። የነገሩት ሰዎች ስለ መንግሥት ክብር ሲናገሩ ሊቈጠር የሚገባው ሠራዊት ብቻ መስሎ ታይቷቸው ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ፈረንሳውያን የከርሠ ምድር ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በይፋት ገደል ጫፍ ላይ ኖራን፥ አስበሪን የመሳሰሉትን የፈረሱ ከተሞች መርምረዋል። በእነዚህ ስፍራዎች የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሽና መቃብሮች ተገኝተዋል፤ በአስበሪም የወላስማ ቤተ ሰብ መቃብር አለ። የመቃብሩ ድንጋይ የሟቹን ስምና የአባቱን ስም ይናገራል። ድንጋዩን ፈልፍሎ፥ ተሸክሞ ያመጣውን ሰው ስም ግን አይናገርም። ከተሞቹ በኰረብታ ጫፍ ላይ የተሠሩ ስለ ሆኑ እያንዳንዱ የግንብ ድንጋይ በአንድ ሰው እጅ ወይም ትከሻ ላይ እንዳለፈ ማንም ሊክድ አይችልም።

4. አልዩ አምባ፥ ዲኖማሊና ስድስቱ መቶ ተሸካሚዎች

ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ስንመጣ ማስረጃው ይበዛልናል። በሸዋው ንጉሥ በሳህለ ሥላሴ ዘመን (ከ1813 እስከ 1847) ዋናው የንግድ መንገድ ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረኻ አልፎ ፋሬ አጠገብ ዲኖማሊ በተባለው ስፍራ ያበቃ ነበር። ግመሎቹ ከዚያ አያልፉም፤ ቀረጥም የሚከፈለው እዚያው ነው። ከዚያ በላይ በሚገኘው በአልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆም ነበር። በገበያውም አርጎባው፥ አፋሩ፥ አማራው፥ ኦሮሞው፥ የሐረሩም ነጋዴ ይገናኙ ነበር። በ1842 በአልዩ አምባ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ይህንን ገበያ ገልጾ ጽፏል። አፋሮቹ ከአሳል ሐይቅ ጨው ጭነው ያመጣሉ፤ ከደጋው የዝሆን ጥርስ፥ ቡናና ዝባድ ይወርዳል። ያለ ኀፍረት መናገር የሚገባንም ነገር አለ፤ በዚያው መንገድ ባሪያዎችም ይወርዱ ነበር። በአልዩ አምባ አጠገብ ያለችው አብዱል ረሡል የባሪያ ገበያ ነበረች። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ዕቃ የተሸከመ ሰው ብቻ ሳይሆን፥ ራሱ እንደ ዕቃ የተነዳ ሰውም አልፏል። የመንገዱን ሥራ ስናከብር ይህንን መርሳት አይገባንም።

በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ሐሪስ ብዙ ገጸ በረከት ይዞ በዚህ መንገድ ወጣ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሳህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ይህ ውል በታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይገኛል። ነገር ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ገጸ በረከቱ ገደሉን መውጣት ነበረበት። ሐሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ በንጉሥ ትእዛዝ የተሰበሰቡ ስድስት መቶ የሚያጉረመርሙ እስላሞች ዕቃውን በትከሻቸው ተሸክመው እንዳወጡለት ይናገራል። ስለነዚህ ሰዎች የነገረን ይህን ያህል ነው። ከእነርሱ የአንዱን እንኳ ስም አልጻፈልንም።

እኛ ግን በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ብዙ ነገር እናነባለን። አንደኛ፥ 600 ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ መሰብሰብ መቻሉ ሥራው በአገሩ የተለመደ መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፥ ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ የክረምት ወራት ማለት ነው። አቀበቱ ጭቃ፥ ወራቱም የእርሻ ወራት ነው። ገበሬ ከእርሻው ተነሥቶ የባዕድ ሰው ሣጥን እንዲሸከም ሲታዘዝ ቢያጉረመርም ምን ያስደንቃል? ሦስተኛ፥ ማጉረምረማቸው ባይኖር ኖሮ ምናልባት ሐሪስ ከነመኖራቸውም ባልጠቀሳቸው ነበር። ምሬታቸው ወደ ታሪክ የገቡበት በር ሆነላቸው።

ከዚህ ጋር የምናነጻጽረው አንድ ነገር አለ። ሐሪስ በይፋት በር ላይ የተቀበለውን አገረ ገዥ በስምና በማዕረግ ጠቅሶታል፤ ወላስማ መሐመድ ይባላል። ማዕረጉ በ1285 ከነበረው ከዑመር ወላስማ የወረደ ነው። የበሩ ጠባቂ ስም ከ550 ዓመት በላይ ሳይጠፋ ሲኖር፥ በበሩ የሚያልፈው ተሸካሚ ስም ለአንድ ቀን እንኳ አልተመዘገበም።

5. የሥራው ዕውቀት

አንዳንድ ሰዎች፥ «መሸከም ጉልበት ብቻ ነው፤ ሙያ የለበትም» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አስተሳሰብ ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው።

ጭነት በግራና በቀኝ እኩል ካልተመዘነ ከብቱ ይቈስላል። በጀርባው ላይ የሚደረገው መደላድል ካልተስተካከለ አህያው ገጣባ ይሆናል፤ ገጣባ አህያም ለባለቤቱ የዓመት ኪሣራ ነው። መጫኛው ሲላላ ጭነቱ በገደል አፍ ላይ ይዞራል፥ እጅግ ሲጠብቅ ደግሞ የከብቱን ትንፋሽ ይይዛል። ስለዚህ ጫኙ በአንድ እጁ ጭነቱን ደግፎ፥ በሌላው መጫኛውን እየሳበ፥ እጅ ሲያንሰው በጥርሱ ነክሶ ይቋጥራል። ጨው የጫነ ሰው ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት፤ ጨው ከረጠበ ንግዱ አለቀ። ግመል ነጂውም በበረኻ ላይ የውኃውን ጒድጓድ፥ የግጦሹን ስፍራ፥ በየትኛው ጎሣ ምድር በማን ዋስትና እንደሚታለፍ ያውቃል። በሌሊት ተነሥቶ ፀሐይ ሳይከር የሚሠፍርበትን ስፍራ በልቡ ለክቶ ይሄዳል። የበረኻው ካርታ በወረቀት ላይ ከመሣሉ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በእነዚህ ሰዎች ልብ ውስጥ ተሥሎ ነበር። የውጭ አገር ተጓዦች ካርታቸውን የሣሉትም እነርሱን ተከትለው እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም።

ሴቶችም በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። ውኃና እንጨት በጀርባቸው አዝለው ገደሉን የሚወጡ፥ ለገበያ የሚሆነውንም ጥጥና እህል የሚያመላልሱ እነርሱ ናቸው። የእነርሱ ሸክም «የቤት ሥራ» ተብሎ ስለሚጠራ ከወንዶቹም ሸክም ይልቅ ተረስቷል።

6. ስለ ምን ተናቁ?

የንቀቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሦስቱን ብቻ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው፥ ሥራው ብዙ ጊዜ በትእዛዝ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሰው ወዶ የመረጠውን ሥራ «ሙያ» ይለዋል፤ ተገዶ የሚሠራውን ግን ሌላው ቀርቶ ሠሪው ራሱ አያከብረውም። ለንጉሥ ዕቃ ተሸካሚነት እንደ ግብር ይቈጠር ስለ ነበረ ተሸካሚው ባለ ዕዳ እንጂ ባለ ሙያ ሆኖ አልታየም።

ሁለተኛው፥ የሰው ልዩነት ነው። የሚጽፈው ደገኛና ክርስቲያን፥ ወይም የውጭ አገር ሰው ነበረ፤ የሚሸከመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቆለኛና እስላም፥ አርጎባ ወይም አፋር ነበረ። ጸሐፊና ተሸካሚ በአንድ ማዕድ ካልተቀመጡ የአንዱ ስም በሌላው ብራና ላይ ሊገኝ አይችልም።

ሦስተኛው፥ የሥራው ጠባይ ነው። ሸማኔ ሸማውን፥ ቀጥቃጭ ማረሻውን ያሳያል። የጫኝ ሥራ ግን ሲፈጸም ምንም ምልክት አይተውም፤ ዕቃው ደረሰ፥ አለቀ። ሥራው በደኅና ሲያልቅ ሠሪው አብሮ ይጠፋል። የሚታየው ዕቃው በጠፋ ወይም በተሰበረ ጊዜ ነው።

ቋንቋችንም ይህንን ንቀት ይዞ ቈይቷል። ሰነፍና ሆዳም ሰው «አጋሰስ» ይባላል፤ አጋሰስ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው የጭነት ፈረስ ነው። በከተማ ደግሞ «ኩሊ» የሚለው የባዕድ ቃል ገብቶ ተሸካሚን መጥሪያ፥ ዝቅ ማድረጊያም ሆነ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ጸሐፊውንና ገበሬውን ያነሣል፤ ከነቀፋቸውም ስድቦች አንዱ ነጋዴ የሚሰደብበት «መጫኛ ነካሽ» የሚለው ነው። የዚህ ጥናት ርእስም ከዚያ የተወሰደ ነው። ከላይ እንደ ገለጽነው መጫኛ መንከስ የጫኝ ጥበብ ነው። በሁለት እጁ የማይበቃውን ሥራ በጥርሱ የሚፈጽም ሰው ሊመሰገን ሲገባው፥ ያው ተግባሩ ስድብ ሆነበት። ደግሞም እንመልከት፤ ስድቡ የተሰነዘረው ለነጋዴው ሲሆን አዋጁም የተከላከለው ነጋዴውን ነው። መጫኛውን በእውነት የነከሰው ቅጥር ጫኝ በስድቡም በአዋጁም ውስጥ በስሙ የለም።

ያም ሆኖ አዋጁ ትልቅ እርምጃ እንደ ነበረ አንክድም። ከዚያም በኋላ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1924 በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ የሰው ድካም መሆኑን በጥልቀት አስረድተዋል። ደራሲው በድሬ ዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ዕቃ እንዴት እንደሚመላለስ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው።

በሌላ አገርም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ከጀርመኖች ጋር ሲዋጉ ብዙ መቶ ሺሕ አፍሪካውያንን ለተሸካሚነት ወሰዱ፤ ከእነርሱም በዐሥር ሺሕ የሚቈጠሩ በበሽታና በረኀብ ዐለቁ። ዛሬ በናይሮቢ ካሪያኮር፥ በዳር ኤስ ሰላምም ካሪያኮ የተባሉት ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት «ካሪየር ኮር» ከሚባለው ከተሸካሚዎቹ ጓድ ስም ነው። በናይሮቢ በቆመው የጦርነቱ መታሰቢያ ላይም ከሦስቱ ምስሎች አንዱ የተሸካሚ ምስል ነው። በይፋት ግን ለተሸካሚ የቆመ ድንጋይም፥ በስሙ የተጠራ ሰፈርም አላገኘንም።

7. ባቡርና አውራ ጎዳና

ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ተነሥቶ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር የደረሰው በዚሁ በይፋት በር በኩል ነው። ነገር ግን የመንገዱ ዘመን እያለቀ ነበር። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሸዋ ዕቃ በባቡር መሄድ ሲጀምር የአልዩ አምባ ገበያ ደከመ፥ ዲኖማሊም ተረሳ። ስለ ባቡሩ ጥቅም ብዙ ተጽፏል፤ እኛም አንቃወመውም። ሆኖም ስለ ሐዲዱ የሚናገሩት መጻሕፍት፥ በዚያ ምክንያት ሥራ የፈታውን የይፋት ግመል ነጂና ተሸካሚ አያነሡትም። ሥራው ሲኖር ያልተመሰገነ ሰው፥ ሥራው ሲጠፋም የሚያዝንለት አላገኘም።

ቀጥሎ የኢጣልያ ወረራ መጣ። ከ1936 በኋላ ኢጣልያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚሄደውን አውራ ጎዳና ሠሩ፤ በጣርማ በርም ተራራውን በስተው ዋሻ አወጡ። ይህ መንገድ በአንኮበር በኩል ሳይሆን በደብረ ሲና በኩል ስለ ወረደ የይፋት ቆላ ንግድ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ ሮቢትም የመኪና ማረፊያ ሆና አደገች። ዋሻውን ሕዝቡ «የሙሶሊኒ ዋሻ» ይለዋል። ሙሶሊኒ ግን በዚያ ዋሻ ውስጥ አንድ አካፋ አፈር አላነሣም። በዚያን ጊዜ መንገዶች ላይ ኢጣልያውያንም ኢትዮጵያውያንም የቀን ሠራተኞች ደክመዋል፤ ድንጋዩን የፈለጡትና አፈሩን የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ስሙን የወሰደው ግን ያዘዘው ነው። እንዲያውም አገሩን የወረረው ጠላት ስም በሕዝቡ አፍ ሲቀር፥ የሠራው ሰው ስም ጠፋ። ይህ አንድ ምሳሌ ብቻውን የዚህን ጥናት ዋና ሐሳብ ሊያስረዳ ይበቃል።

8. ዛሬ በሸዋ ሮቢት

መኪና ሲመጣ ሸክም የቀረ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ይመልከት። የሮቢት አካባቢ በመስኖ የሚለማ አገር ነው፤ ሽንኩርቱና ማሾው የታወቀ ነው። ሽንኩርት ከእርሻ እስከ መንገድ ዳር የሚደርሰው በሰው ትከሻና በአህያ ጋሪ፥ ወደ አይሱዙም የሚወጣው በጫኝና አውራጅ እጅ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፥ በሰንበቴ በየእሑዱ በሚቆመው ገበያ አፋሩ፥ ኦሮሞው፥ አማራውና አርጎባው እንደ ጥንቱ ይገናኛሉ። ግመልም እስከ ዛሬ አልቀረም። በሙቀቱ ቀን ሙሉ ከባድ ጆንያ የሚያወጣው ወጣት፥ ጭነቱ ሲያልቅ መኪናው አቧራውን አልብሶት ይሄዳል። በአዲስ አበባ ሽንኩርቱን የሚገዛ ሰው ስለ ዋጋው ይነጋገራል፥ ስለ ነጋዴውና ስለ ደላላው ያማርራል። ስለ ጫኙ ግን ነገር አያነሣም። ሥራው በደኅና ስለ ተፈጸመ አይታይምና።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰና መንገዱ በተቋረጠ ጊዜ፥ ይህ መስመር ለአገር ምን ያህል ሸክም ይሸከም እንደ ነበረ ብዙ ሰው ተገነዘበ። እዚህም ላይ ያው የቀድሞው ደንብ ተፈጸመ፤ ሥራው የታወቀው ሲቆም ነው። የሥራን ዋጋ ለማወቅ እስኪቆም መጠበቅ ግን ለማንም ሕዝብ የሚበጅ ትምህርት አይደለም።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የይፋት ታሪክ የሁለት ዓይነት ሰዎች ታሪክ ነው። አንዱ በበሩ ላይ የቆመው ነው፤ ቀረጥ ይቀበላል፥ ውል ይፈርማል፥ ስሙም ይጻፋል። ሌላው በበሩ የሚያልፈው ነው፤ ሸክሙ ይቈጠራል፥ ስሙ አይቈጠርም። ታሪክ እስከ አሁን ከበረኛው ጋር ቆሞ ተጽፏል። ይህንንም ስንል ነገሥታቱንና መልእክተኞቹን ከታሪክ እናውጣ ማለታችን አይደለም። የሳህለ ሥላሴን ውል የሚያጠና ተማሪ የ600ውን ሰዎች የሐምሌ አቀበት አብሮ ያጥና ማለታችን ነው። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም ነበርና።

አበው፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ መተባበር የተነገረ ነው። እኛ ግን በዚህ ጥናት አንጻር ስናየው ሌላም ነገር ይነግረናል፤ በየዘመኑ ሃምሳ ሰው ጌጡን ይዞ የታየው አንድ ሰው ሃምሳውን ሎሚ ተሸክሞለት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በይፋት ቆላ ግመል የነዱ፥ ጨው ያመላለሱ ሽማግሌዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ። የጭነቱን አቋጣጠር፥ የውኃውን ጒድጓድ ስም፥ የመንገዱን ማደሪያ፥ የኬላውን ሥርዓት ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ይህ ዕውቀት በብራና ላይ የለም፤ ከሰዎቹ ጋር የሚያልፍ ነው። ወደ አገራችን ለዕረፍት በምንወርድበት ጊዜ እያንዳንዳችን ደብተርና እርሳስ ይዘን፥ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አፍ የሰማነውን ብንጽፍ፥ ከነስማቸው ብንጽፍ፥ ከብዙ ዘመን የቈየውን ዕዳ በጥቂቱ መክፈል እንችላለን። እኛ ራሳችን ወደ ትምህርት ቤት የመጣነው በሌላ ሰው ሸክም ነው። የበላነው እህል፥ የምንጽፍበትም ወረቀት በአንድ ሰው ጀርባ ላይ አልፎ ደርሶናል። የዚያን ሰው ስም ጠይቆ መጻፍ ለታሪክ ተማሪ ትንሹ ሥራ ነው፤ እስከ ዛሬ ሳይሠራ የቀረውም ይኸው ትንሹ ሥራ ነው።